የእናቶቻችን ገንዘብ በማን ስም ነበር?



«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። የለገዳዲ እናቶች ይህን ተረት በሥራ ኖረውታል። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ኩበት ይዘው ወደ ሰንዳፋ ገበያና ወደ አዲስ አበባ ሲመላለሱ፣ ከሽያጩ ጥቂት ብር በመቀነታቸው ይቋጥሩ ነበር። ስለዚህ «ሴቶች ቁጠባን ከሥልጠና ተማሩ» ሲባል አንቀበልም። እናቶቻችን ቆጥበዋል። የእኛ ጥያቄ የቆጠቡት ገንዘብ የት ደረሰ የሚል ነው።

ከመካከላችን የአንዷን እናት ታሪክ በፈቃዷ እናንሳ። እኚህ እናት ቅቤ እየሸጡ ለዓመታት እቁብ ጥለዋል። እቁቡ ዋስ ስለሚጠይቅ በመዝገቡ ላይ የተጻፈው የባለቤታቸው ስም ነበር። ዕጣው ሲወጣ በሬ ተገዛበት። ባለቤታቸው ሲያርፉ የባል ወንድሞች በሬውን «የወንድማችን ነው» ብለው ወሰዱት። እናቲቱ የከፈሉበት አንድም ወረቀት አልነበራቸውም። ሲቆጥቡ ኖረው ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ኃላፊ አድርጎ ነበር። ከሚስት ደመወዝና ገቢ በስተቀር የጋራ ሀብቱን የሚያስተዳድረው ባል ነበር። ደመወዝተኛዋ ሴት ገቢዋን በወረቀት ማሳየት ትችላለች። ቅቤና እንቁላል ሸጣ የምታድረው ግን የራሷን ገቢ ከቤቱ ገንዘብ ለይታ የምታሳይበት ጽሑፍ አልነበራትም።

ባንክም ቢሆን ሩቅ ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ቢጀምርም፣ ለገጠር ሴት የባንክ ደብተር የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ገንዘብ የሚቀመጠው በሣጥን፣ በእህል ጎተራ ወይም በእንስራ ውስጥ ነው። በ1969 ዓ.ም. ደርግ የብር ኖቱን ሲለውጥ፣ በጊዜው ያልተለወጠ አሮጌ ብር ወረቀት ሆኖ ቀረ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀየሩ፤ የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ነበር። ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ የመጀመሪያ የባንክ ደብተራቸውን ያወጡት ያን ጊዜ፣ ከሣጥን ያወጡትን ብር ይዘው ተሰልፈው ነው።

ሕጉ ቀስ እያለ ተለውጧል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ሀብት በባልና ሚስት በጋራ እንዲተዳደር አደረገ። የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥም ሆነ ከ500 ብር በላይ ለመበደር የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል አለ። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130 ደግሞ ባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር እንዲያገኙ ፈቀደ። ይህ ደብተር በአካባቢያችን ትልቅ ትርጉም አለው። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ስንት የእርሻ መሬት እንደተወሰደ ሁላችንም እናውቃለን። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ከመሬቱ በቋሚነት የተነሣ ገበሬ ካሳው የሚሰላው የ5 ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህ ወደ 15 ከፍ ብሏል።

በሂሳብ ዓይን ሲታይ፣ ካሳ ማለት የ10 ወይም የ15 ዓመት ገቢ በአንድ ቀን ተከፈለ ማለት ነው። እንደ አንድ ቀን ገቢ ከታየ በ2 ዓመት ያልቃል። ግድባችን የክረምቱን ውሃ በአንድ ጊዜ ቢለቀው አዲስ አበባ በጋውን ምን ትጠጣ ነበር? ከካሳው ለዘር፣ ለንግድ፣ ለልጆች ትምህርትና ለክፉ ቀን የሚሆነው መከፋፈል ያለበት ገንዘቡ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ይህንንም ሚስት በስሟ ፈርማ፣ አውቃ መወሰን አለባት።

ራስ አገዝ ቡድን ወደ አገራችን የገባው በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በአዳማ ከተማ በተጀመሩ ጥቂት ቡድኖች ነው። ሐሳቡ የመጣው ከሕንድ ነበር። ከእቁብ የወሰደው ነገር አለ፤ በየሳምንቱ መገናኘትና መተማመን። የጨመረው ደግሞ ሦስት ነገር ነው። እያንዳንዷ የራሷ ደብተር አላት፤ ሰብሳቢነቱ በየተራ ነው፤ ገንዘቡም ለአንዷ በዕጣ ወጥቶ ከማለቅ ይልቅ በብድር እየዞረ ያድጋል።

እኛም ያለ ጥፋት እዚህ አልደረስንም። በመጀመሪያው ዓመት ሂሳብ የምንይዘው እኛው «በኋላ እንጽፈዋለን» ብለን የጥቂት ሳምንታት ክፍያ በደብተር ሳናሰፍር ቀረን። ሁለት እኅቶች ተቀያየሙ፤ ገንዘቡ ተገኘ፣ ቅያሜው ግን ለመሻር ብዙ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ደብተር ሳይሞላ ከስብሰባ የምትነሣ የለችም።

መቆጠብ ብቻውን እንደማይበቃም እንወቅ። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 ከመቶ አድርጎት ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 ከመቶ በላይ ደርሷል። በሳምንት 50 ብር በዓመት 2,600 ብር ይሆናል። ይህን ሁሉ በደብተር አስቀምጦ መርሳት በየዓመቱ መክሰር ነው። ለክፉ ቀን የሚበቃው በባንክ ይቀመጥ፤ የቀረው ዶሮ፣ ወተት ላም ወይም የንግድ ዕቃ ሆኖ ይሥራ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን ሦስት ነገር ይዘን እንምጣ፤ የቁጠባ ደብተራችንን፣ ስማችን ያለበትን የባንክ ደብተር፣ ያገባን ደግሞ የጋራ ይዞታ ወይም የቤት ሰነዳችንን ቅጂ። የጎደለ ካለ አብረን እናሟላለን። ደጋፊዎቻችንም የላካችሁልን የሂሳብ መዝገብና የሥልጠና ድጋፍ የሚውለው ለዚሁ ነው።

እንቁላሉ በእግሩ መሄዱ አይቀርም። የማን እንደሆነ ግን ከአሁኑ ተጽፎ ይቀመጥ።