የዓይን ቆብ አልከፈት ሲል

ዓይንን መግለጥ ማንም ልብ የማይለው ቀላል ተግባር ነው። ይሁን እንጂ የእንቅስቃሴ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ነቅተው፣ ማየትም እየፈለጉ፣ ዓይናቸውን መግለጥ ይሳናቸዋል። ችግሩ መንገድ ሲያቋርጡ ወይም ደረጃ ሲወርዱ ካጋጠመ ለከባድ አደጋ ይዳርጋል፤ መኪና መንዳት ደግሞ ፈጽሞ የማይታሰብ ይሆናል።

ሐኪሞቹ ጎልድስታይንና ኮጋን ይህን ሁኔታ በጎርጎሮሳውያኑ 1965 ዓ.ም. በጽሑፍ ገልጸውታል። ችግሩ በፓርኪንሰን ሕመም፣ ሚዛንንና የዓይን እንቅስቃሴን በሚያውከው ፕሮግሬሲቭ ሱፕራኑክለር ፓልሲ፣ እንዲሁም የዓይን ቆብ ያለፈቃድ አጥብቆ በሚጨፈንበት ብሌፋሮስፓዝም ላይ ይታያል። ለፓርኪንሰን ሕክምና አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ ከተተከለ በኋላ የሚከሰትበትም ጊዜ አለ።

የላይኛውን የዓይን ቆብ የሚያነሳው ጡንቻ በሦስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ይታዘዛል። ዓይንን የሚከድነው ጡንቻ ትእዛዝ የሚደርሰው ደግሞ በሰባተኛው ነርቭ ነው። አንደኛው ሲሠራ ሌላው መላላት አለበት። በዚህ ችግር ግን የሚያነሳው ጡንቻ ይታገዳል፤ አልያም ከቆቡ ጠርዝ አጠገብ ያለው የከዳኙ ጡንቻ ክፍል አልላላ ይላል። ጡንቻዎቹ ሽባ አልሆኑም፤ የተዛባው ከአንጎል የሚመጣው ቅንጅት ነው።

ሕመምተኛው ግንባሩን ሲያኮማትር፣ ቅንድቡን ሽቅብ ሲስብ፣ ራሱን ወደ ኋላ ሲያዘነብል ይታያል። ይህን የማያውቅ ሰው እንቅልፍ የያዘው ወይም ሆን ብሎ የጨፈነ ሊመስለው ይችላል። የጡንቻ መድከም ከሚያስከትለው ማያስቴኒያ ግራቪስ ጋርም ይምታታል፤ በዚያ ሕመም ግን ቆቡ ድካም በበረታ ቁጥር ይበልጥ ይወርዳል።

አንዳንዶች ሰሌን ወይም ቆቡን በጣት በመንካት፣ ሌሎች አፋቸውን በመክፈት ዓይናቸውን መግለጥ ይችላሉ። ከሕክምናዎቹ አንዱ ቦቱሊነም ቶክሲን የተባለውን መድኃኒት በቆቡ ጠርዝ አጠገብ መውጋት ነው። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ገደማ ስለሚቆይ መደጋገም ያስፈልገዋል። ሌቮዶፓ የሚረዳቸው አሉ። ቆብ የሚደግፍ መነጽርና ቀዶ ሕክምናም አማራጮች ናቸው።

ችግሩ ሐኪም ፊት ላይታይ ስለሚችል፣ ቤተሰብ በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ ለነርቭ ሐኪም ማሳየቱ ይጠቅማል። መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አይገባም። የዓይን ቆብ በድንገት ከወደቀ፣ በተለይም ከብርቱ ራስ ምታት ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ከማየት ጋር ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።