ከድጓ ምልክት እስከ ድረ ገጽ ማያያዣ

በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ባሉት አድባራት፣ የድጓን መጽሐፍ የሚገልጥ ተማሪ በብራናው ላይ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ያያል። አንደኛው በጉልህ የተጻፈው ቃል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሰፈረው የዜማ ምልክት ነው። ከምልክቶቹ መካከል ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የድምፁን አካሄድ ያሳያሉ። በብዙ መቶ የሚቆጠሩት የፊደል ምልክቶች ግን ሥራቸው ሌላ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዳቸው ዜማው ከታወቀ ከአንድ ቃል ተቀንጭበው የተወሰዱ በመሆናቸው፣ «ይህን እንደዚያኛው አዚም» ብለው አንባቢውን ወደ ሌላ ስፍራ ይልኩታል።

ዜማው በትውፊት የ6ኛው መቶ ዓመት ሊቅ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ሲሆን፣ ምልክቱን የሠሩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እ.ኤ.አ.) የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸው ይነገራል። እንግዲህ በገጽ ላይ ትንሽ ምልክት አኑሮ በሌላ ስፍራ ያለውን ነገር መጥራት ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ ሐሳብ አልነበረም።

ይኸው ሐሳብ በኮምፒዩተር ዓለም በሌላ መንገድ መጣ። አሜሪካዊው ቴድ ኔልሰን በ1965 እ.ኤ.አ. እርስ በርሱ የተሳሰረውን ጽሑፍ «ሃይፐርቴክስት» ብሎ ሰየመው። በ1990 እ.ኤ.አ. ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የሠራው የመጀመሪያው የድር ፕሮግራም ማንበቢያም መጻፊያም ነበር፤ ጸሐፊው ቃሉን መርጦ ከሌላ ገጽ ጋር በቀላሉ ያያይዘዋል። ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፉት እንደ ሞዛይክ ያሉት ፕሮግራሞች ግን ለማንበብ ብቻ የተሠሩ ስለነበሩ፣ ጸሐፊው የኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ትእዛዞችን በእጁ ለመጻፍ ተገደደ።

ይህን ችግር ያቃለሉት ገጹን እንደሚታይ አድርገው የሚያሳዩት ማዘጋጃዎች ናቸው። ፍሮንትፔጅ በ1995፣ ድሪምዊቨር በ1997 እ.ኤ.አ. ወጡ። በእነዚህ ማዘጋጃዎች ማያያዣ ማለት ገጽ መቀየር ብቻ መሆኑ ቀረ። በድሪምዊቨር ጸሐፊው ሦስት ነገር ይወስናል፤ እነዚህም ምልክቱ የትኛው ቃል ወይም ሥዕል እንደሆነ፣ አንባቢው ሲጫነው ነው ወይስ ጠቋሚው ሲያልፍበት የሚሠራው የሚለው፣ በመጨረሻም የሚከተለው ድርጊት ናቸው። የጃቫስክሪፕቱን ትእዛዝ ፕሮግራሙ ራሱ ይጽፍለታል። በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከገባ በኋላም የአማርኛ ቃል ራሱ ማያያዣ ለመሆን የሚያስችለው የጋራ መሠረት ተገኘ።

ይሁን እንጂ የእጅ ሥራው መቅለሉ ማስተዋልን አይተካም። «እዚህ ይጫኑ» የሚል ማያያዣ ወዴት እንደሚወስድ አይናገርም፤ የድጓው ምልክት ግን ከመድረሻው ቃል የተወሰደ ስለሆነ የሚሄድበትን ስም በራሱ ይዟል። ሁለተኛው ጉዳይ መድረሻውን መጠበቅ ነው። ኔልሰን ማያያዣው ከሁለቱም ወገን እንዲታወቅ ሲሻ፣ በርነርስ ሊ ማንም ያለ ፈቃድ እንዲያያይዝ በአንድ ወገን ብቻ አደረገው። ድሩ በዚህ ተስፋፋ፤ ነገር ግን መድረሻው ሲነሣ ማያያዣው ባዶ ይቀራል። ማዘጋጃዎቹ በራሳቸው ክልል ውስጥ የተዛወረውን ገጽ ተከትለው አድራሻውን ያርማሉ፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ግን ሊጠብቁ አይችሉም።

የድጓው ምልክት መድረሻ ደግሞ ከገጹ ይልቅ በመምህሩ ቃል ውስጥ ይኖራል። የጎጃም ተማሪ ድጓን ለማስመስከር ጋይንት ድረስ ወደ ቤተ ልሔም የሚጓዘውም ስለዚህ ነው። ስለሆነም ብራናውን ፎቶግራፍ አንሥቶ በኮምፒዩተር ማኖር ብቻውን ምልክቱን ያተርፋል እንጂ ዜማውን አያተርፍም። መምህራኑ በሕይወት ሳሉ ድምፃቸው ተቀርጾ ከየምልክቱ ጋር ቢያያዝ ግን፣ ተማሪው ምልክቱን ሲጫን ዜማውን ይሰማል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ዛሬ በእጅ አለ፤ የማይጠብቀው የመምህራኑ ዕድሜ ነው።