ወንጂ፦ የኩባንያው መንደርና የሠራተኞቹ ዕድር

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ዕድር የቀብር ጉዳይ ብቻ ይመስለናል፤ ለወንጂ ሠራተኞች ግን ከዚያ በላይ ነበር። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. የስኳር ፋብሪካውን ሥራ ሲያስጀምር መንደርም ሠራ። ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ የጉድጓዱ ውኃም የአሠሪው ስለሆነ አቤት ማለት ያስፈራ ነበር። ከአገዳ ቆራጮቹ ብዙዎቹ ከጎረቤቶቻችን ከከምባታና ከሀዲያ የሄዱ ነበሩ (የአብያተ ክርስቲያናችን ልጆችም ሳይኖሩባቸው አይቀርም)። የሠራተኛ ማኅበር በሕግ ባልታወቀበት ጊዜ በዕድር ስም ተሰባስበው ስለ ደመወዛቸው መከሩ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት የወንጂዎቹ ከቀዳሚዎቹ መካከል ነበሩ፤ የሥራ ማቆም አድማም አልቀረም።

ያ የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። ለዓመታት የጠጡት ሰዎች ጥርሳቸው በለዘ፤ የአንዳንዶቹም አከርካሪ ደረቀ። ያዕቆብ 5፥4ን ስንሰብክ የምናነሣው የተያዘውን ደመወዝ ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ወደ ቢሯችን ቢመጣ ግን «ቤትና ውኃ ሰጥተውህ የለም?» ብለን አንመልሰውም ትላላችሁ?