ሁለት ስኳር፣ አሥራ ሁለት ብልቃጥ

ፓሪስ በናዚ ጦር በተያዘችባቸው ዓመታት ዣክ ሞኖ የሚባል ተመራማሪ በሶርቦን ለዶክትሬቱ ባክቴሪያ ያረባ ነበር። ኢ. ኮላይ ለተባለችው ባክቴሪያ ግሉኮስና ላክቶስ የተባሉትን ሁለት ስኳሮች አንድ ላይ ይሰጥና እድገቷን እየለካ በወረቀት ላይ ይስላል። መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ድንገት ይቆማል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይወጣል። ባክቴሪያዋ መጀመሪያ ግሉኮሱን ትጨርሳለች፤ ከዚያ ላክቶሱን የሚሰባብርላትን ኢንዛይም እስክትሠራ እድገቷ ይገታል። ጤፉ ያለቀበት ቤት ማሽላው ተፈጭቶ እስኪመጣ እንደሚጠብቀው ነው።

ያቺን አጭር ፋታ ለመረዳት ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። በ1961 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሞኖና ፍራንሷ ዣኮብ የምስጢሩን ዋና ክፍል ገለጡት፤ ላክቶስ በሌለበት አንድ አጋጅ ዲኤንኤው ላይ ተቀምጦ ጂኖቹን ይዘጋል፤ ላክቶስ ሲመጣ ይለቃል። ጂኖች ተያይዘው እንዴት እንደሚሠሩ በሙከራም በሒሳብም የሚመረምረው የዛሬው የረቂቅ ተሕዋስያን ሲስተምስ ባዮሎጂ፣ ለእኔ የሚጀምረው ከዚያ መስመር ነው።

ሙያውን ያቀኑት ብዙዎቹ ከሌላ ቤት የመጡ ናቸው። ማክስ ዴልብሩክ የፊዚክስ ሰው ነበር። በ1943 ከሳልቫዶር ሉሪያ ጋር ሆኖ፣ ባክቴሪያን ቫይረስ እንዲቋቋም የሚያደርገው ለውጥ ከቫይረሱ ጋር ከመገናኘቱ በፊት በዕድል የሚፈጠር መሆኑን በቁጥር አሳየ። በ1945 በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር የጀመረው የክረምት ትምህርትም ብዙ ሰው ወደ ዘርፉ አስገባ። ከሒሳብ ወይም ከምህንድስና ልሻገር የሚል ወጣት «ዘግይተሃል» ሲባል ስሰማ ዴልብሩክ ትዝ ይለኛል፤ ወጣቱ ይዞ የሚመጣው እኮ ዘርፉ የሚፈልገውን ነው።

በ1997 የኢ. ኮላይ ሙሉ ጂኖም፣ 4.6 ሚሊዮን ፊደል፣ ተነበበ። ከኬሚካል ምህንድስና የመጣው በርንሃርድ ፖልሰንና ባልደረቦቹ ያንን ዝርዝር ወደ ሒሳብ ቀመር ለወጡት። በ2012 በስታንፎርድ 525 ጂን ያላት ባክቴሪያ ሙሉ ሕይወት በኮምፒውተር ተቀመረ። በ2016 ደግሞ 473 ጂን ብቻ ያላት ሴል በቤተ ሙከራ ተሠራች፤ የ149ኙ ጂኖች ሥራ ግን አልታወቀም ነበር። የዶክትሬት ርዕስ ጠፋ ለሚል ተማሪ ይህ ቁጥር በቂ መልስ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚስበኝ ግን የሪቻርድ ሌንስኪ ሥራ ነው። በየካቲት 1988 አሥራ ሁለት ብልቃጥ ኢ. ኮላይ አዘጋጀ። በየቀኑ ከእያንዳንዱ ብልቃጥ 0.1 ሚሊ ሊትር ተቀድቶ 9.9 ሚሊ ሊትር አዲስ ምግብ ውስጥ ይጨመራል፤ ቅዳሜና እሑድ ሳይባል። በየ500 ትውልዱ ናሙና በቅዝቃዜ ይቀመጣል። በ2003፣ ከ31,000 ትውልድ በላይ ካለፈ በኋላ፣ አንዱ ብልቃጥ ከሌሎቹ ይልቅ ደፍርሶ ተገኘ። ባዕድ ተሕዋስ ገባ ተብሎ ተጠረጠረ። ሲጣራ ያችው ባክቴሪያ ናት፤ ኦክስጅን ባለበት መብላት የማትችለውን ሲትሬት መብላት ጀምራለች።

ሁለተኛ ይደገም ይሆን? የሌንስኪ የዶክትሬት ተማሪ ዛካሪ ብላውንት የቀዘቀዙትን አያቶች እያነቃ ዓመታት ፈተሸ። የደገሙት ከ20,000ኛው ትውልድ ወዲህ የተቀመጡት ብቻ ነበሩ። በ2022 ብልቃጦቹ ሚሺገን ካለው የሌንስኪ ቤተ ሙከራ ወደ ኦስቲን፣ ወደ ጄፍሪ ባሪክ ቤተ ሙከራ ተዛወሩ፤ መቅዳቱም እዚያ ቀጠለ።