ዩራኒየም ይበልጽግ፣ ውሻ ይፍታታ

«የውሻ አእምሮ ማበልጸጊያ ምግብ አከፋፋይ አሻንጉሊት።» ይህ ጽሑፍ አንድ ሱቅ ውስጥ ከቀይ ጎማ ዕቃ ጋር ተለጥፎ አየሁት። ስድስቱም ቃላት አማርኛ ናቸው፤ አብረው ሲቆሙ ግን አማርኛ አይሆኑም። ማበልጸግ ሲባል ዜና የሚከታተል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ዩራኒየም ነው። አከፋፋይ መርካቶ ውስጥ ዘይትና ስኳር በጅምላ የሚያወርድ ነጋዴ ነው። አሻንጉሊትም ሕፃን አቅፋው የምትተኛው እንጂ ውሻ እያኘከ የሚያንከባልለው ጎማ አይደለም።

ዕቃው ራሱ ይህን ሁሉ ጣጣ አይፈልግም። ውስጡ ባዶ ነው፤ ምግብ ይጠቀጠቅበታል፤ ውሻው እየላሰ፣ በመዳፉ እየያዘ፣ እየጣለና እያነሳ ጥቂት በጥቂት ያወጣዋል። ከሁሉም የታወቀው ኮንግ የሚባለው ነው፤ ሦስት ኳሶች ከትልቅ ወደ ትንሽ የተደራረቡ ይመስላል፣ መሬት ሲነካም ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። የጀመረው ጆ ማርክሃም የተባለ የኮሎራዶ ሰው ነው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ። ፍሪትዝ የተባለው የጀርመን ዝርያ ውሻው ድንጋይ እያኘከ ጥርሱን ሲጨርስ፣ ከቮልስዋገን መኪና የወለቀ የጎማ ዕቃ አግኝቶ አልለቅም አለ። የዛሬው መጫወቻ ቅርጹን የወሰደው ከዚያ ጎማ ነው።

ሐሳቡ ግን ከጎማው ይቀድማል። ዶናልድ ሄብ የተባለው የካናዳ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1940ዎቹ አይጦችን ቤቱ ወስዶ እንደ ልብ ሲለቃቸው፣ በጎጆ ተዘግተው ካደጉት ይልቅ መንገድ ፈልጎ የማግኘት ፈተናን በተሻለ አለፉ። ሃል ማርኮዊትዝ ደግሞ በ1970ዎቹ በፖርትላንድ መካነ እንስሳት ዝንጀሮ መሰሎቹ ጊበኖች ሠርተው ምግባቸውን የሚያገኙበትን መሣሪያ ተከለ። እንስሳው ሠርቶ እንዲበላ፣ እንዲፈልግ፣ እንዲያስብ ማድረግ ነው ነገሩ። የአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ በ1985 ሲሻሻል፣ በቤተ ሙከራ ለሚያዙ ውሾች የሰውነት እንቅስቃሴ ግዴታ ሆነ።

እንግዲህ ፈረንጆቹ ይህን አሠራር በ«ማበልጸግ» ቃል ስለጠሩት እኛም ማበልጸግ አለብን ማለት ነው? በለጸገ ከባለጸጋ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሀብት፣ ንብረት፣ ሲሳይ የሚሸት ቃል ነው፤ ዛሬ ደግሞ በፖለቲካው በኩል ሌላ ሥራ ስለያዘ ከውሻ ጋር ባናነካካው ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን የሚለው ነገር የለም። የበለጸገ ውሻ ምን ዓይነት ውሻ ነው? ቪላ ያለው?

ሌሎች አማራጮችም ሰምቻለሁ። «የእንቆቅልሽ ሳህን» የሚሉ አሉ፤ መጥፎ አይደለም፣ ግን እንቆቅልሽ ጠያቂና መላሽ ይፈልጋል፣ መላሹ ሲያቅተውም አገር ይሰጣል፤ ውሻ ማንን አገር ስጠኝ ይላል? አንድ ወዳጄ «ፈልፍሎሽ» ይላል፤ ከአባሮሽና ከድብብቆሽ ጋር የሚሰለፍ፣ ልጆች ወዲያው የሚይዙት ቃል ነው። በቆሎ እንደሚፈለፈል ውሻውም ምግቡን ይፈለፍላል። ለጨዋታው ስም ሲሆን እቀበለዋለሁ። ለዕቃውና ለአሠራሩ ግን አይበቃም፤ ጫጩት የሚፈለፍሉ ዶሮ አርቢዎችም ዝም የሚሉ አይመስለኝም።

የእኔ ምርጫ ማፍታቻ ነው። ሥሩ ፈታ፣ በግዕዙ ፈትሐ። ከዚህ አንድ ሥር ስንት ነገር እንደ ወጣ ቆም ብሎ ማየት ያስደስታል። ፍትሕ ከእሱ ነው፤ ለሙት የሚደረገው ፍትሐትም ከእሱ ነው። ሕልም ይፈታል፣ ትዳር ይፈታል፣ ትጥቅ ይፈታል፣ ብሎን ይፈታል። ቋንቋችንን እንኳ የምንጠራው አፍ መፍቻ ብለን ነው። ስፖርተኛ ከውድድር በፊት ሰውነቱን ያፍታታል፤ የተጨነቀን ሰው «ፈታ በል» እንለዋለን፤ ተማሪ እንቆቅልሹንም ሒሳቡንም ይፈታል። ሰውነት ማንቀሳቀስ፣ አእምሮ ማሠራት፣ መንፈስ ማዝናናት፤ ለውሻው የተፈለጉት ሦስቱ ነገሮች በአንድ ግሥ ውስጥ ተሰብስበው ሳለ ስድስት ቃል መደርደር ምን የሚሉት ድካም ነው?

ደግሞ የእኛ አገር ውሻ ከዚህ ግሥ ጋር የቆየ ጉዳይ አለው። በየጊቢው ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። አምሽቶ የመጣ እንግዳ ከበር ቆሞ የሚጠይቀው «ውሻው ተፈትቷል ወይ?» ብሎ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለቱ ልክ ክብ እየሠራ አፈሩን የሚያስጎደጉደው ውሻ ሰንሰለቱ ቢቀርለት መልካም ነበር፤ እስከዚያው አእምሮውን የሚፈታለት ነገር ያስፈልገዋል።

የሚቃወመኝ ሰው «ሥራ መፍታትም እኮ ከዚያው ሥር ነው» ይለኝ ይሆናል። እውነቱን ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? ውሻው ግን ቀዶ አይሰፋም፤ የቀደደው ጫማ እንደ ተቀደደ ይቀራል። በሽታውን መፍታት፣ መድኃኒቱን ማፍታታት ብሎ የሚጠራ ቋንቋ ድሃ ነው የሚለኝ ካለ አልሰማውም። ቃል የሚያንሰን መዝገበ ቃላት ስለሚጎድለን ሳይሆን፣ ፈረንጁ የተናገረውን በየቃሉ እየመነዘርን የራሳችንን በር ሳናንኳኳ ስለምናልፍ ነው።

በማፍታቻው ውስጥ የሚገባውን ምን እንበለው? «ጉርሻ» ያሉ ነበሩ። ጉርሻ በእጅ የሚሰጥ የፍቅር ነገር ነው፣ ለውሻ ማለቱ የሚቀፋቸው ሰዎች ያሉ ይመስለኛል። ፍርፋሪ አለልን፤ በወንጌል ከነዓናዊቷ ሴት ስለ ውሾች ስትናገር ያነሳችው ራሱ ፍርፋሪ ነው፣ ከጎማው እየረገፈ የሚወድቀውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ አሠራሩ ማፍታታት፣ ዕቃው ማፍታቻ፣ ውስጡ ፍርፋሪ። ማፍታቻው ከውጭ የሚመጣ ብቻ አይምሰላችሁ። ባዶ የሃይላንድ ውሃ ጠርሙስ ወስዶ ጎኑን ሁለት ሦስት ቦታ መብሳት፣ ደረቅ ዳቦ ቆራርሶ መጨመር፣ ለውሻው መስጠት ነው፤ ሲያንከባልለው ይረግፋል። ሽንኩርት የገባበት ወጥ የነካው ምግብ፣ ቸኮሌትና ዘቢብ ውሻ ስለሚመርዙ አይገቡም፤ ለውዝ ቅቤ የሚቀቡም ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ እንደሌለበት ማየት አለባቸው። የጠርሙሱን ክዳንና ቀለበት አስቀድሞ ማውለቅ ያስፈልጋል፣ ሊውጣቸው ይችላልና። ላስቲኩን ራሱን መቦጨቅ ከጀመረም ወዲያው ይወሰድበት።