ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መንገደኛ የት ያድር ነበር?



የዓመት ዕረፍታችሁን ተቀብላችሁ ወደ ባሕር ዳርቻ ለመውረድ ስታስቡ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት የመሳፈሪያውን ዋጋ ሳይሆን አይቀርም። በቀድሞ ዘመን ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው ግን ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነበረው፤ ይኸውም የት እንደሚያድር ነው። በዛሬው ንግግራችን ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድ ታሪክ በዚህ በአንዱ ጥያቄ በኩል እንመለከተዋለን፤ ለዛሬው ተጓዥ የሚሆን ምክር ይገኝበታልና።

በደጋው አገር መንገደኛ ስለ ማደሪያው ብዙ አይጨነቅም ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ካገኘው ደጃፍ ቆሞ የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ መሆኑን ሲናገር፣ ባለቤቱ ከእሳቱ ዳር ቦታ ይለቅለታል። ከሐረር ወደ ዘይላ ወደብ በሚወርደው በረሓ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም ነበር። በዚያ አገር ማደሪያን የሚወስነው ውኃ ነው፤ የውኃውም ጕድጓድ ባለቤት አለው። ስለዚህ ነጋዴው ከመነሣቱ በፊት አባን ይይዝ ነበር። አባን ማለት ዋጋውን ተቀብሎ እንግዳውን የሚመራ፣ የሚጠብቅ፣ በገበያም የሚያስማማ የሶማሌ ተወላጅ ነው። አባን ያልያዘ ሰው ግመልና ገንዘብ ቢኖረውም ንብረቱንና ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በኅዳር 1847 ዓ.ም. ከዘይላ ተነሥቶ፣ በየጎሣው ሠፈር እያረፈ፣ ሐረር የገባው በታኅሣሥ መጨረሻ ነበር። ጕዞው ከአምስት ሳምንት በላይ ፈጅቷል።

ይህን ልማድ የለወጠው ሐዲድ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ሐዲዱን ወደ ተራራው ማውጣት እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ነበረ፣ መሥመሩ ሐረርን ትቶ በቆላው አለፈ፤ ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ተቈረቈረች። የዘይላ ንግድም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

ባቡሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌሊት አይሄድም ነበር። ከአዲስ አበባ የተነሣው ተሳፋሪ አንዱን ሌሊት በአዋሽ፣ ሁለተኛውን በድሬዳዋ አድሮ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባል። በዚህ ጊዜ የአባን ሥራ ለጣቢያ ሹምና ለሆቴል ባለቤት ተላለፈ ማለት ይቻላል። በአዋሽ ቡፌ ዳዋሽ የሚባለው ማረፊያ ስሙ የታወቀው በዚሁ ተሳፋሪ ነው። ድሬዳዋም ከዚራ የተባለው ሠፈሯ ቀጥ ባሉ መንገዶች ተተልሞ እንግዳ ተቀባይ ከተማ ሆነች። እንግዲህ በሁለቱ ከተሞች አልጋ የሚያከራየውም፣ ምግብ የሚያቀርበውም፣ ዕቃ የሚሸከመውም ሰው ኑሮው በባቡሩ ማደር ላይ የቆመ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ እንዲጨርስ ታስቦ የተሠራ ነው። ለተጓዡ ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተሞቹ መካከል ራቅ ብለው ስለ ተሠሩ፣ በአሮጌው ጣቢያ ዙሪያ የነበረው ሰው የቀድሞ እንግዳውን አጥቷል። ተጓዡም ቢሆን ከባቡር ሲወርድ እንደ ድሮው ሆቴል ደጃፍ ላይ አይደርስም።

ስለዚህ ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ እነዚህን ነገሮች ልብ በሉ። ባቡሩ የሚነሣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድማችሁ ከጣቢያው ጠይቁ፤ የፓስፖርታችሁንና የቪዛውንም ነገር ጨርሱ። የጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ስለ ሆነ፣ ማደሪያችሁንና ከጣቢያው የሚወስዳችሁን መኪና ሳትይዙ አትነሡ። ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ምረጡ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ዶላር ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ የማደሪያውን ዋጋ በብር መንዝራችሁ ከደመወዛችሁ ጋር አስተያዩት። በዚያ አገር የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለ ሆነ፣ በመሥሪያ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ቀኑን ይቍጠር።

ከተማው ስትደርሱ የሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነጻነት መታሰቢያ የሆነውን አደባባይ ተመልከቱ፤ ቀድሞ የሚጠራው በምኒልክ ስም ነበር። ጊዜ ከተረፋችሁም ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የአሳልን የጨው ሐይቅ ጐብኙ።

አባን ይዞ በረሓ የሚያቋርጥ ነጋዴ ዛሬ የለም። ይሁን እንጂ መንገዱን መጠየቅ፣ ዋጋን መስማማት፣ ማደሪያን ማዘጋጀት ሳይቀር በእያንዳንዱ ተጓዥ ጫንቃ ላይ ወድቋል። አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ገንዘቡንም ዕረፍቱንም ያተርፋልና፣ መልካም ጕዞ እንመኝላችኋለን።