ባቡር ያላለፈበት አገር መጫወቻ

"ባቡር" የሚለው ቃል ደምበጫ የደረሰው ባቡሩ ራሱ ሳይደርስ ነው። ሥሩ "ቫፖሬ" የተባለው፣ እንፋሎት ማለት የሆነው የጣሊያን ቃል ሲሆን፣ የቀይ ባሕር ወደቦች ሰው ሁሉ ለአንደበቱ እንደሚስማማው እያደረገ ወሰደው። በምሥራቅ "የምድር ባቡር" ተብሎ በሐዲድ ላይ ሲሮጥ፣ በጎጃም ደጋ ግን ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ሆነ። እናቱ እህሏን በአህያ ጭና ወደ ባቡር ቤት ስትሄድ የተከተላት ሕፃን ያየው ባቡር ከቆመበት ንቅንቅ የማይል፣ ቀበቶው የሚሽከረከር፣ ጭስ የሚተፋ ሞተር ነበር። ለሌላው ሕፃን ባቡር መንገድ ነው፤ ለእርሱ ዱቄት።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ መዘርጊያ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። በፈቃዱ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ ይዘልቃል የተባለው ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ገንዘብ አጥሮት፣ አንዱ ኩባንያ ከስሮ በሌላ ተተክቶ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያም አላለፈም። ፊቱን ወደ ባሕር ያቀናው ይህ ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ ጎጃም ከነዓባይ ገደሉ ከጀርባው ቀረ። ለደምበጫ የደረሳት ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ነው።

መጫወቻ መንገድን ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1859 ጎፒንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ሜርክሊን የተባለ ቆርቆሮ ሠሪ የአሻንጉሊት ቤት ዕቃ፣ ድስትና ምጣዱን ሁሉ፣ መሥራት ጀመረ። ሚስቱ ካሮሊነ ዕቃውን ይዛ ከከተማ ከተማ እየዞረች ትሸጥ ነበር፤ ባሏ ሲሞትም ሥራውን አልጣለችውም፤ ለልጆቿ አቆየችው። ልጆቿ የመሩት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕዚግ ትርኢት ላይ በስምንት ቁጥር ቅርጽ በተጠማዘዘ ሐዲድ የሚሮጥ የመጫወቻ ባቡር አቀረበ። ብልሃቱ ያለው በባቡሩ ሳይሆን በሐዲዱ ነው። ሐዲዱ በልክ ተቆራርጦ የሚገጣጠም በመሆኑ ዘንድሮ አንድ ቅጥያ፣ ለከርሞ አንድ ፉርጎ እየተገዛ ይጨመርበታል። እንዲህ ያለ መጫወቻ በአንድ ልጅነት አያልቅም። አባት የጀመረውን ልጅ ያስረዝመዋል፤ የልጅ ልጅ ጣቢያና ዋሻ ያክልበታል። በእንግሊዝም ፍራንክ ሆርንቢ እ.ኤ.አ. በ1920 ይህንኑ መንገድ ያዘ።

የደምበጫ እረኛ ግን መደብር አልነበረውም። አስቀድሞ ከጭቃ በሬ ይሠራ ነበር፣ ከነቀንበሩ፤ ከአገዳም ቤት ያቆም ነበር። መኪና በመንገዱ ማለፍ ሲጀምር ሽቦ ያዘ። ሽቦውን ከወዳደቀ ዕቃ፣ መሽከርከሪያውን ከጠርሙስ ቆርኪ ወይም ካረጀ ጫማ ሶል፣ ሣጥኑን ከሰርዲን ጣሳ ያገኛል። መሪው ቀጥ ያለ ረጅም ሽቦ ነው፤ ልጁ ጎንበስ ሳይል ከኋላ እየሮጠ ይነዳዋል፤ ሞተሩ አፉ ነው። ኤንትሬ የሚባለው የፊያት የጭነት መኪና አፍንጫው እንዴት እንደሆነ ለማወቅ የሚሻ ተመራማሪ፣ ከፋብሪካው ሥዕል ይልቅ ይህን ሽቦ ቢያይ ብዙ ይማር ነበር፤ ልጁ የሠራው ዓይኑን የሳበውን ብቻ ነውና።

ታዲያ ይህ ጥበብ ለምን የቤተሰብ ርስት ሳይሆን ቀረ? ከታላቅ እረኛ ወደ ታናሽ እረኛ ይተላለፋል እንጂ ከአባት ወደ ልጅ አይወርድም። ልጁ ዕርፍ ሲጨብጥ ሽቦውን ይጥላል። ድህነት ብቻ ነው ቢባል እውነቱ ጎደሎ ይሆናል። ብረት የሚያጥፍ እጅ በአገራችን የተናቀ እጅ ነበር። ማረሻውን ከቀጥቃጭ ደጅ ተቀብሎ የሚሄደው ገበሬ ያንኑ ቀጥቃጭ ቡዳ ይለዋል፤ ልጁን አይድርለትም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር፤ አዋጁ ግን ማዕድ ቤት ድረስ አልገባም። ስለዚህ የጎፒንገኑ ቆርቆሮ ሠሪ ስሙን ለልጆቹ ሲያወርስ፣ የደምበጫው ትንሽ ብረት ሠሪ በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ሙያውን ጥሎ ሰው መሆን ነበረበት።

በድሬዳዋ ነገሩ ሌላ ነበር። ሽመንደፈር ብለው የሚጠሩት የምድር ባቡር ድርጅት በዚያ ከተማ ብረት የሚጠርበውንና የሚበይደውን ሰው የወር ደመወዝተኛ አደረገው፤ ብዙ ልጅም የአባቱን ሙያ ይዞ በዚያው ግቢ ተተካ። እጁ በግሪስ የጠቆረ ሰው ለሚስት የማይነፈግባት ከተማ ከባቡሩ ጋር ተወለደች ማለት ይቻላል። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ሲከፈት የቀድሞዎቹ መኪኖች በዚያው ቀሩ።

ጎጃም ዛሬም ሐዲድ የለውም። በዓባይ ገደል ላይ አዲሱ ድልድይ ተመርቆ የከባድ መኪናው ጉዞ ቀለለ። ከፋብሪካ የወጣ የላስቲክ መኪና በየገበያው ይሸጣል፤ ተሰብሮ ሲጣል ግን መጠገኛ የሚሆነው ያው ሽቦ ነው። ከሽቦው ሥራ ሁሉ የሚያስደንቀው ተሳቢው ነው። ልጁ ከመኪናው ኋላ አንድ ጣሳ ያስራል፤ ሁለተኛ ይጨምርበታል፤ ሽቦ ከተረፈው ሦስተኛ። መታጠፊያው ላይ እንዳይገለበጡበት መጋጠሚያውን በቀለበት ያላላዋል። ፉርጎ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ባቡር ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁት ጣቱን የሚቀስረው ወደ ወፍጮ ቤቱ ነው።